ካርቦን ፍለጋ

ቡናው እስኪፈላ ድረስ ካርቦን ፍለጋ የዋልኩበትን ቅዳሜ ላጫውታችሁ። ካርቦን የምለው ያን ስስ ወረቀት ነው፤ አንድ ፊቱ ሰም የነካው ሰማያዊ ወይም ጥቁር ቀለም የተቀባውን፣ በሁለት ወረቀት መሀል ገብቶ ከላይ የጻፉትን ከታች የሚያትመውን። ዕድሜያችሁ ከአርባ ካለፈ ጣታችሁ አይረሳውም። ከዚያ በታች የሆናችሁ፣ ገበሬ ማኅበር ወይም ቀበሌ ጸሐፊ የነበረ ዘመድ ካላችሁ ጠይቁት፤ ጨዋታው የምሳ ሰዓት ያሳልፋችኋል።

ነገሩ የመጣው በጎረቤቴ በእትዬ በኩል ነው። እትዬ በእርሻቸው ወሰን ላይ ክርክር ገጥሟቸዋል። ቀደም ብለው አመልክተው ነበር፤ ማመልከቻው አንድ ቢሮ ገባና እዚያው ቀለጠ። ደጋግመው ሄደው ሲጠይቁ «መቼ አስገቡ?» ተባሉ፤ አስገብቻለሁ ብለው የሚያሳዩት ቁራጭ ወረቀት በእጃቸው የለም። ከዚያ ወዲህ ቃላቸው አንድ ሆነ፦ «ልጄ፣ እኔ ዘንድ የሚቀር ከሌለ ሁለተኛ አላመለክትም።» ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

ፎቶ ኮፒ እናስነሳ እንዳልል በዚያ ሰሞን መብራት ሄዷል። ታዲያ በስልኬ ላንሳው አልኳቸው። እትዬ ከእንጀራቸው ቀና ብለው አዩኝና «ማኅተሙን ስልክህ ላይ ይመቱልኛል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ድሮ ባለጉዳይ ሁለት ቅጂ ይዞ መዝገብ ቤት ይገባል፤ ዋናው እዚያ ይቀራል፣ በካርቦን የወጣው ላይ ገቢ የሆነበት ቀንና ቁጥር ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። እትዬ የፈለጉት ይህን ነው፤ የጠየቁት ደግሞ ከአቅም በላይ አይደለም። ስለዚህ ጋቢዬን ደርቤ ወደ ገበያ ወረድኩ።

የላሊበላ ቅዳሜ ገበያን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከላስታ ደጋ ገብስና ማር፣ ከቆላው ጤፍና ማሽላ የጫነ አህያ መንገዱን ሞልቶታል። መጀመሪያ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገባሁ። ሻጩ ወጣት ነው፣ ትሑት ልጅ ነው፤ ካርቦን ስለው ለምን እንደሚያገለግል ጠየቀኝ። እንዴት እንደሚነጠፍ፣ ቀለም ያለበት ፊት ወደ ታች እንደሚሆን፣ በእስክሪብቶ ጠበቅ አድርጎ መጫን እንደሚያስፈልግ በሁለት ሉክ ወረቀት አሳየሁት። እሱም ደንበኞቹን አቁሞ ሰማኝ፤ ከኋላዬ ደብተር ሊገዙ የመጡ ተማሪዎችም አንገታቸውን አስግገው አዩ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ይሄማ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን አይቼው አላውቅም» አለኝ። ከጎኑ ያለው ሱቅም የለውም፤ ከዚያ ወዲያ ያለውም የለውም። አንዱ ወልድያ ይገኝ ይሆናል አለኝ። ወልድያ በጋሸና በኩል 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአንድ ቅጠል ካርቦን!

ያዳነኝ ልብስ ሰፊ ነው። ድሮ የቀሚስ ጥልፍ ንድፍ ለማውረድ እነሱም ካርቦን ይጠቀሙ እንደነበር አጫወተኝና፣ ዳገቱ ላይ ወደሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መራኝ፤ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ዕድሜያቸውን የፈጁ ናቸው። እኔ አያ ነው የምላቸው።

አያ የፈለግሁትን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ከአልጋ ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ጎትተው አወጡ። ወዳጆቼ፣ በዚያ ሣጥን ውስጥ የሌለ አልነበረም። አንድ ጫፉ ቀይ ሌላው ሰማያዊ የሆነው እርሳስ፣ ያ አለቆች በማመልከቻ ግርጌ «ይታይ» እያሉ ይጽፉበት የነበረው። የዛገ አግራፍ በክብሪት ቀፎ። ጀርባው የተላጠ ክላሰር። ያልተነካ ስቴንስል፤ የፈተና ወረቀት የተባዛበት ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ሽታውን ያውቀዋል። ከመንግሥት ንብረት ክፍል የማይጠፋው የሞዴል 19 ጥራዝ ሽፋን። ቀይና ጥቁር የሆነው የታይፕ ሪቦን። ከሥሩ ደግሞ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ካርቦኑ።

ታይፑ ራሱ ግን የለም። ይሠሩበት የነበረው ኦሊቬቲ መሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ሲያስገባ መጋዘን ወረደ፤ ከዚያ ወዴት እንደሄደ አያውቁም። እኔ ታይፕ ላይ ተቀምጬ አላውቅም፤ ስለዚህ ከሁለት መቶ በላይ የሆነው ፊደላችን በዚያች ጠባብ ገበታ እንዴት እንደገባ ጠየቅኋቸው። ቁልፎቹ የፊደሉን አካል ይይዛሉ፤ እግሩን፣ ቀለበቱን፣ ክንፉን ጸሐፊው በሌላ ቁልፍ ይቀጥልበታል። አንዱን ፊደል ለማውጣት ሁለቴ መምታት ያለ ነው። ይህን የፊደል ፈተና ኢንጂነር አያና ብሩ በ1920ዎቹ ታግለውበት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና መሥራታቸውን ያነሡልኝም አያ ናቸው። በካርቦን ሲጻፍ ስህተት ከተገኘ ላዩን ብቻ ማጥፋት አይበቃም፤ ከሥር ያለውንም አንድ በአንድ በላጲስ ፍቆ፣ መስመሩን አስተካክሎ መልሶ መምታት ነው። «እንዲህ ስለሆነ ከመጻፋችን በፊት እናስብ ነበር» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ዋጋ ገባን። ከሣጥኑ ጥግ የሳንቲም ቆርቆሮ ወጣ። ወታደሩ ያለበት አምስት ሳንቲም፣ ኒያላ ያለበት አሥር፣ ወንድና ሴት እጃቸውን ያነሡበት ስሙኒ፤ ሁሉም በአንበሳ ራስ፣ ሁሉም 1969 ተብሎ የተመታ። ከመሀላቸው የጃንሆይ ዘመን ሽልንግ አንድ አለች፤ 1936 የሚለው ያለባት፣ እውነተኛ ብር የተቀላቀለባት። አያ እያንዳንዱን እያነሡ ምን ይገዛ እንደነበር ነገሩኝ። እሳቸው ሥራ ሲጀምሩ ማመልከቻ በታይፕ ማስጻፍ በገጽ ሽልንግ ነበር፤ ቴምብሩና ሉኩ ታክሎ እንኳ ባላገሩ ከብር ብዙ ሳይርቅ ጉዳዩን አስገብቶ ለመንገዱ ጠላ ይጠጣ ነበር። አባታቸው ደግሞ በማርያ ትሬዛ ጠገራ፣ ለዝርዝሩ ከሰቆጣ በሚመጣ አሞሌ ጨው የተገበያዩ ሰው ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የራሴን ልናገር። ያ ዘመን ደግ ነበር ብዬ አልምልም፤ በ1977 ይህ አገር በረሃብ ምን እንደሆነ የላስታ ሰው አይረሳም። ዋጋው ግን ይታወቅ ነበር። አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ1965 እስከ 1985 መጀመሪያ ድረስ በመንግሥት ምንዛሪ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር፤ ከዚያ 5 ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ወረቀትና ቀለም ከውጭ ስለሚመጡ ይህ ሁሉ የሚያርፈው እትዬ በሚገዟት ሉክ ላይ ነው። ከቤት ሲወጣ ማመልከቻው ስንት እንደሚፈጅበት የሚያውቅ ሰው ሳይፈራ ያመለክታል፤ የማያውቀው ቤቱ ይቀራል። የሚቆጨኝ ይህ ነው።

አያ ካርቦኑን አልሸጥልህም፣ ውሰደው አሉኝ። ጋዜጣው አርጅቶ ስለተቀደደ ካርቦኑን በጋቢዬ ውስጥ ብብቴ ሥር ይዤ ዳገቱን ወረድኩ። ፀሐይዋ የላስታ ደጋ ፀሐይ ናት፤ ታቃጥላለች። መንገድ ላይ የማኅበር ጠላ የሚጠጣበት ቤት ጠሩኝ፤ እንዲህ ያለ ጥሪ አይታለፍም። ሽማግሌዎቹ መሀል ቦታ ለቀቁልኝ። ጽዋውን ለመቀበል ብድግ ስል ቤቱ ጸጥ አለ። የጋቢዬ ጎን ከብብት እስከ ወገብ ሰማያዊ ሆኗል። ላቤን የጠረግሁበት እጄ ሰማያዊ፣ ግንባሬ ሰማያዊ፣ አንገቴ ሰማያዊ። አጠገቤ የተቀመጡት ካህን ነጭ ጋቢ ላይ ደግሞ አምስቱም ጣቶቼ በደንብ ወጥተዋል፤ ስቀመጥ ተደግፌያቸው ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ!

ካህኑ አልተቆጡም። የዱሮ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ጋቢያቸውን ወደ ብርሃን አውጥተው ጣቶቼን መረመሩና «ቀለሙ ደህና ነው፣ ይይዛል» አሉ። ከዚያ እሳቸው በወጣትነታቸው ከጥቀርሻና ከተቆላ እህል ቀለም ሲበጠብጡ፣ በቀንድ ሞልተው፣ በመቃ ብዕር ብራና ላይ ሲጽፉ እጃቸው ለሳምንታት እንዴት ጠቁሮ እንደሚሰነብት አጫወቱን። ሌላው ሽማግሌ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ መብራትና ስልክ ለወራት ሲቋረጥ የተላላክነው በእጅ በተጻፈ ወረቀት እንደነበር አስታወሱ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ሴቶቹ ከጓዳ ወጥተው አዩኝ፤ ሕፃናቱ እጄን ዳበሱ፤ ውኃ መጣ፣ ሳሙና መጣ፣ ቀለሙ ግን ንቅንቅ አላለም። እንደዚያው ሆኜ የቅዳሜን ገበያ መሀል ለመሀል አቋርጬ ቤት ገባሁ። የሚያውቀኝ ሁሉ ያን ቀን ገበያ ነበር፤ ሰላምታውም የዚያን ዕለት ረዘም ይላል።

እትዬ ሲያዩኝ መጀመሪያ የጠየቁት «ካርቦኑ ተረፈ?» ብለው ነው። ተርፏል። ማታ በኩራዝ ብርሃን ተቀምጠን በሦስት ቅጂ ጻፍነው። የላይኛው ቁልጭ ያለ ነው፤ ሁለተኛው ደህና ነው፤ ሦስተኛው ደብዘዝ ቢልም ይነበባል። ሰኞ ጠዋት ይዘን ገባን። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ሁለተኛውን ቅጂ ገልብጣ አየችና፣ ቀንና ቁጥር ጽፋ፣ ማኅተሟን መታችበት። እትዬ በይዞታ ደብተራቸው ውስጥ አስቀምጠውታል። ክርክሩ ገና አልተቆረጠም።

አሁን እናንተን የምለምናችሁ አለ። መጋዘናችሁ ውስጥ ታይፕ፣ ሪቦን፣ ስቴንስል ካለ ለቆራሌው በኪሎ አትስጡት፤ በአካባቢያችሁ ላለ ትምህርት ቤት ስጡት፣ ልጆቹ ይንኩት። ቢሮ የምትሠሩም ባለጉዳይ ሁለት ቅጂ ይዞ ሲመጣ አንዱን ማኅተም መትታችሁ መልሱለት። ባለጉዳይ ከሆናችሁ ደግሞ ሳይመቱላችሁ ከመስኮቱ አትነሡ።