አንዲት ቃል ይዞ ስለ መቀመጥ

ሐኪሜ የደሜን ግፊት ለክቶ ከጨረሰ በኋላ፥ ከጨውና ከቅቤ መከልከሉ አልበቃው ብሎ፥ በየቀኑ ጧትና ማታ ዓይኔን ጨፍኜ፥ አንዲት ቃል በልቡናዬ እየደጋገምሁ ሃያ ሃያ ደቂቃ እንድቀመጥ አዘዘኝ። መድኃኒቱ ገንዘብ የማይጠይቅ መሆኑን ባወቅሁ ጊዜ እጅግ ተደሰትሁ።

ይህ ሥርዓት በህንድ አገር ጥንታዊ ነው፤ እነርሱ ቃሏን ማንትራ ብለው፥ 108 ፍሬ ባለው መቁጠሪያ እየቆጠሩ ይደግሟታል። ማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ የተባሉት መምህር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከአገራቸው ወጥተው በየአህጉሩ እየዞሩ በማስተማራቸው፥ ጥበቡ እግሩን አጣጥፎ መቀመጥ እስከማይችለው እስከ እኔ ድረስ ሊዘልቅ ቻለ። በእርሳቸው ሥርዓት ቃሉ ለደቀ መዝሙሩ በምስጢር ይሰጣል እንጂ ለሌላ አይነገርም። ኸርበርት ቤንሰን የተባለው የሃርቫርድ ሐኪም ግን፥ እንዲህ የሚቀመጡትን ሰዎች መርምሮ፥ እስትንፋሳቸው ዝግ እንደሚልና ሰውነታቸው የሚጠቀምበት ኦክስጅን እንደሚቀንስ ካየ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ «አንድ» የምትል ተራ ቃልም ትበቃለች ብሎ ምስጢሩን አደባባይ አወጣው።

እኔም ምስጢር በመጠበቅ የማልታማ ሰው ስለ ሆንሁ፥ ከሐኪሙ ወገን ቆሜ «አንድ» ማለት ጀመርሁ። ዳሩ ግን ዕቁብ ለሚጥል ሰው አንድ ብሎ ማቆም የሚቻል ነገር አይደለም፤ ልቡናዬ ወዲያው ሁለት፥ ሦስት እያለ ዕጣ ያልወጣላቸውን አባላት በየስማቸው ይቆጥርና፥ ዕጣው እኔን ብቻ እየዘለለ የሚሄድበትን ምክንያት ሲመረምር ሃያው ደቂቃ ያልቃል። ቃሉን ለውጬ «ሰላም» ብል ደግሞ፥ የጎረቤታችን ልጅ ስም ይኸው መሆኑን ዘንግቼው ኖሮ፥ ገና መረጋጋት ስጀምር እናቷ ከአጥር ማዶ «አንቺ ሰላም! ውሃው መጥቷል፥ ጀሪካኑን አምጪ!» ብላ ጮኸች። እኛም ውሃ ያልቀዳን መሆናችን ትዝ አለኝና ሰቂለ ኅሊናውን ትቼ ወደ ቧንቧው ሮጥሁ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው የቤተ ሰቡ ጥርጣሬ ነበር። አብረውን የሚኖሩት አክስቴ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው ከበሩ ላይ ቆሙና፥ «ልጄ፥ ዳዊት ከሆነ እኛም እንስማው፥ ጮክ ብለህ ድገም፤ ድግምት ከሆነ ግን ከዚህ ቤት ውጣ» አሉኝ። የሐኪም ትእዛዝ መሆኑን ባስረዳቸው ጊዜ እንኳ፥ «ለዚህ ለዚህማ መቁጠሪያዬን ላውስህ፤ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስን አርባ አንድ ጊዜ በል፤ ደምህም ይበርዳል፥ ለሐኪምም አትከፍል» ብለው መለሱልኝ። የእርሳቸው ወደ አምላክ የሚቀርብ ልመና፥ የእኔው ግን ለማንም የማይላክ ቃል ስለ ሆነ፥ ሁለቱን መቀላቀል ሁለቱንም መድፈር ይመስለኛል።

ፈተናው ግን አንድ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው ኤዋግርዮስ ስለ ቀትሩ ጋኔን ሲጽፍ፥ የተሰላቸው መነኩሴ ለዘጠኝ ሰዓት ምን ያህል እንደ ቀረው ለማወቅ ፀሐይን ደጋግሞ እንደሚመለከት ያትታል። በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓትን የጠበቀ ሰው ይህን ያለ አንድምታ ይረዳዋል፤ እኔም አንድ ዓይኔን በግማሽ ገልጬ የግድግዳውን ሰዓት ስሰርቅ ዘመዴን አገኘሁ። ሌላም ዘመድ አለኝ፤ ቢትልስ የተባሉት እንግሊዛውያን ሙዚቀኞች እ.ኤ.አ. በ1968 ሪሺኬሽ ከማሃሪሺ ዘንድ በተቀመጡ ጊዜ፥ ከበሮ መቺው ሪንጎ ስታር ሻንጣ ሙሉ የታሸገ ባቄላ ይዞ ሄዶ፥ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ወደ አገሩ ተመለሰ። ባቄላ ይዞ ሱባኤ መግባት የእኛም መናንያን ወግ ስለ ሆነ በባቄላው አልነቅፈውም።

መምህራኑም ሐኪሞቹም የሚስማሙበት ነገር፥ ልቡና ሲባዝን ሳይቈጡ ወደ ቃሉ መመለስ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ውሻ ቢጮህበትም ሳይጣላው ወደዚያው ደጅ እንደሚመለስ ማለት ነው። በዚህ መመለስ በኩል፥ ከመባዘኔ ብዛት የተነሣ፥ እጅግ ሠልጥኛለሁ። ግፊቱም ጥቂት ዝቅ ብሏል፤ ሐኪሙ ምስጋናውን ለቃሉ፥ ባለቤቴ ለጨው መቀነሱ፥ አክስቴ ደግሞ ለራሳቸው ጸሎት ሰጥተዋል።

ልትጀምር የምታስብ አንባቢ ሆይ፥ ቍጥርም የሰው ስምም ያልሆነ ቃል ምረጥ፤ ውሃ በሚመጣበት ሰዓትም አትቀመጥ።