ግንበኛ አይጠየቅም

ሐራ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ግንበኛውን «መቼ ትጨርሳለህ?» ማለቱ ነውር ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚገባው የባቡር ሐዲድ በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ከመቀሌ የሚወርደውም እንዲሁ። ከዚያ ጀምሮ ለባቡር የታገሠ ሕዝብ ለሁለት ክፍል ቤት ያፋጥጣል?

ስለ ሲሚንቶም አይጠየቅም። ቀብድ ሲቀበል «ይበቃል» ይላል፣ መሠረቱ ሲወጣ «ጨምሯል» ይላል፤ ሁለቱም እውነት ነው። መሠረቱ ስንት ሜትር ይቆፈር ማለትም ሰውን መጠርጠር ነው፤ መሬቱ ዋልካ ከሆነ ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ግድግዳው ራሱ ይናገራል። ውል እንጻፍ ካላችሁትማ ያዝናል። «ወንድማማች አይደለንም እንዴ?» ነው መልሱ፤ ወንድም ደግሞ አይከሰስም።

ስልክ ቁጥሩን ግን ጠይቁት። ከቀብዱ በኋላ የሚነሳውን።