ተወራሹ ፋይል

ኦፕንቪፒኤን፣ ከበስተጀርባ ሆኖ ያለማቋረጥ እየሠራ በሕዝባዊው ኢንተርኔት ላይ የተመሰጠረ የግል መስመር የሚዘረጋ ፕሮግራም ሲሆን፣ ጠባዩን የሚወስነው የቅንብር ፋይል የሚባል ተራ ጽሑፍ ነው። ይህ ፋይል በተግባር ከሚጻፍ ይልቅ የሚወረስ ሰነድ በመሆኑ፣ አዲሱ ባለሙያ ከቀድሞው ሲረከበው አንብቦ ከመረዳት ይልቅ ሳይነካ ማቆየትን እንደ ሙያ ይቆጥረዋል። «ኪፕአላይቭ 10 120» የሚለው መስመር ሁለቱ ወገኖች፣ ሰርቨሩና ደንበኛው፣ ጸጥታው ሲረዝም በየ10 ሴኮንዱ ምልክት እንዲለዋወጡ፣ ደንበኛውም ለ120 ሴኮንድ ምላሽ ካጣ ግንኙነቱን እንደ አዲስ እንዲጀምር ያዛል፤ ከዚህ አንጻር የብዙ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ደህንነቱን አዘውትሮ የሚጠይቀው አለቃው ሳይሆን ሰርቨሩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። «ቨርብ» የተባለው ትእዛዝ ደግሞ ፕሮግራሙ የሥራ መዝገቡ ላይ የሚጽፈውን መጠን ከ0 እስከ 11 የሚወስን ሲሆን፣ ግንኙነቱ በተቋረጠ ቁጥር ወደ 9 ከፍ ይደረጋል፤ መዝገቡ ዲስኩን እስኪሞላ ድረስ ግን የሚያነበው አይገኝም። ከሁሉ የሚልቀው «ሳይፈር ነን» ነው፤ ይህ መስመር በቀድሞዎቹ የፕሮግራሙ እትሞች የመረጃውን ምስጠራ ጨርሶ ያጠፋ ስለነበር፣ ለፍጥነት ሲል የጻፈው ባለሙያ ምስጢሩን በአደባባይ እያሳለፈ «ተገናኝቷል» የሚለውን መልእክት በኩራት ያነብ ነበር። መገናኘት መጠበቅ አይደለም።