ወሰራው ለምን ዝም አለ?

በአንድ ባላገር ጓሮ አራት አውራ ዶሮዎች ነበሩ። የበላዩ ቀዩ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ገብስማው፣ ከገብስማው ነጩ፣ ከሁሉ በታች ወሰራው። ማን ከማን እንደሚበልጥ የለየላቸው ገና በለጋነታቸው ላባ ተነጫጭተው፣ ደም ተፋስሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ጠብ እምብዛም አላስፈለገም፤ ቀዩ አንገቱን ቀና ሲያደርግ ሌሎቹ ገለል ይላሉ።

ሌሊት ቆጥ ላይ መሀሉ የቀዩ፣ ዳሩ የወሰራው ነው። ሊነጋ ሲል ቀዩ ይጮኻል፤ የቀሩት በየማዕረጋቸው ይከተላሉ። ወሰራው ጎሁን ቀድሞ ቢያይም ድምፁን ውጦ ተራውን ይጠብቃል።

እህል ላይም ያው ነው። ቀዩ ጥሬ ሲያገኝ በምንቃሩ እያነሳ እየጣለ ሴቶቹን ጮክ ብሎ ይጠራል። ወሰራው ሲያገኝ ግን ድምፅ አያወጣም። ምናልባት አንዷ ብታየኝ ብሎ አንገቱን ዝቅ ከፍ ያደርጋል፤ ድምፁን ካሰማ ቀዩ ሮጦ ይደርስበታልና። ጉሮሮ እያለ በምልክት ከመኖር የባሰ ግፍ አላውቅም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጭልፊት መጣ። ቀዩ አመድ ላይ ይንከባለል ነበር። ገብስማውና ነጩ ዓይናቸው ከቀዩ ላይ አልተነሳም። ወሰራው ዳር በልቶ ዳር የሚያድር ነውና ሰማዩን ማየት ለምዷል፤ ጥላውን አየ። አፉን ከፈተ፤ ግን አስቀድሞ ወደ ቀዩ ዞረ። ለጭልፊቱ ይህች በቃችው። አንዲት ጫጩት ይዞ ተነሳ።

ጓሮው ተሰበሰበ።

«አይተህ ዝም አልክ?» አለ ቀዩ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ሳይጮኹ ጮኼ አላውቅም።»

«ይሄ እኮ ጭልፊት ነው!»

«ቀድሜ የጮኽኩ ዕለት ራሴን አድምተውኛል። ከዚያ ወዲህ ጉሮሮዬ ጭልፊትና ንጋት አይለይም።»

ቀዩ መልስ አጣ። ገብስማው ግን ተነሳ፤ ነገ የበላይነቱ ለእሱ ነውና ሥርዓቱ እንዲላላ አይሻም።

«ማንም ባሻው ሰዓት ይጩኽ ከተባለ፣ መንጋቱን በማን እናውቃለን?» አለ።

ልጇን ያጣችው ዶሮ የቀሩትን በክንፏ እንዳቀፈች ቀና አለች።

«እናንተ ዝም ብትሉም ይነጋል። ጭልፊቱ ግን ነገ ይመለሳል። ወሰራው ይጩኽ ወይስ ይጠብቅ? እሱን ንገሩኝ።»