ድንጋይ ሆኗል ጋሼ!

ባሕር ዳር ውስጥ ሳይክሉን ዛፍ አስደግፎ ሻይ የሚጠጣ ሰው ጎማው የግሉ አይደለም። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ጎንበስ ይልና የኋላውን ጎማ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። አያውቅህም፣ አታውቀውም፤ ግን ይጫንልሃል። ከዚያ ቀና ብሎ ፍርዱን ይሰጣል። ፍርዱ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ «ሞቷል»፣ ወይ «ድንጋይ ሆኗል»። በሁለቱ መካከል ያለ ጎማ በዚህ ከተማ ታይቶ አይታወቅም።

ከተማዋን ማማቴ አይደለም። ሳይክል የምታውቅ ከተማ ናት። ሜዳ ናት፤ ዘንባባ የተሰለፈበት ሰፊ መንገድ አላት፤ ከጊዮርጊስ እስከ ፔዳ ሸሚዝህ ሳይረጥብ ትደርሳለህ። ቤዛዊትን ካልወጣሁ ብለህ በገዛ እጅህ ካልፈለግከው በቀር ዳገት አያገኝህም። ባጃጅ መጥቶ ብዙውን ሰው ቢወስድባትም መምህሩም፣ ተማሪውም፣ ዳቦ አመላላሹም ዛሬም ይጋልብባታል። ታዲያ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ስለ ፍሬን ይጨቃጨቃሉ፣ ስለ ካቴና ይከራከራሉ፣ የኮርቻ ከፍታ ላይ ይጣላሉ። ንፋስ ላይ ሲደርሱ ግን ክርክር የለም። ንፋስ ነፃ ነዋ! ነፃ ነገር ደግሞ ማን ይለካዋል?

እኔ በአውራ ጣት አላምንም። አውራ ጣት እንጀራ ለመቁረስና አሻራ ለመስጠት ይበቃል፤ ጎማ ላይ ሲደርስ ግን የሚለካው ንፋሱን ሳይሆን የላስቲኩን ውፍረት ነው። ወፍራም ጎማ ጎድሎም «ድንጋይ» ይባላል፤ ስሱ ሞልቶም «ሞቷል» ይባላል። ጎማው ራሱ ዝም አላለም እኮ! የሚፈልገውን ጎኑ ላይ አስጽፎ ነው የሚዞረው። ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ስታደርገው ጉብ ጉብ ያሉ ቁጥሮች ይወጣሉ። የእኔው ባለ 26 ወፍራም ጎማ ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ (የግፊት ልክ ነው) ንፋስ ስጡኝ ይላል። ቀጫጭኖቹ የእሽቅድድም ጎማዎች 100 እና ከዚያም በላይ የሚጠይቁ አሉ። ይህን ጽሑፍ ቆሞ ያነበበ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ከሁለት ሜትር ርቀት ሳይክል «ቻይና ነው፣ ጃፓን ነው» ብሎ የሚለይ ሰው እንኳ አያነበውም።

ጉዳዩን ለጎረቤቴ ላስረዳ ሞከርኩ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። «አንተ ልጅ» አሉኝ። (የልጅ ልጅ ለማየት የተቃረብኩ ሰው ነኝ፤ ለእሳቸው ግን ልጅ ነኝ።) «እኔ ከነተሳቢው ሃያ ሁለት ጎማ በብረት እየመታሁ አሰብ ወርጄ ተመልሻለሁ። ጎማ ድምፁ ይነግርሃል።» ይህን ብለው ከዘራቸውን አነሱና የሳይክሌን ጎማዎች በየተራ መታ መታ አደረጓቸው። ጆሯቸውን አዘነበሉ። «የፊተኛው ደህና ነው» አሉ። «የኋለኛው ይዋሻል።»

በመለኪያ ስናየው የኋለኛው በእርግጥም 10 ፒኤስአይ ጎድሎት ተገኘ። ይህን የጻፍኩት ለፍትሕ ስል ነው እንጂ ክርክሬን እንደማያግዘው አላጣሁትም።

ንፋስ ጎደለ፣ አልጎደለ ምን ያጣላል? የውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን ያጣላል። ጎማህ ልል ሆኖ የድንጋይ ጠርዝ ስትመታ፣ ቸርኬው ከላይ፣ ድንጋዩ ከታች ሆነው ካላማዳሪያውን መካከል አስገብተው ይነክሱታል። ጎሚስታው ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ሲነክረው ጎን ለጎን ሁለት የአረፋ መስመር ይወጣል። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ካየህ ምስማር የጣለውን ሰው አትርገም፤ ጥፋተኛው ንፋስ ማነሱ ነው። ወዲያ ማዶ ደግሞ «ድንጋይ» ካልሆነልኝ የሚለው አለ። የእሱ ጎማ ኮብልስቶን ላይ አይንከባለልም፣ ይዘላል። በዘለለ ቁጥር ወደፊት ሊወስደው የሚገባው ጉልበት ወደ ላይ ይባክናል፤ ከኮርቻው ተነስቶም መንጋጋ ድረስ ይመጣል። እንዲህ ያለው ሰው ጎማ ላይ ንፋስ የሚሞላው ለምን እንደሆነ ረስቶታል።

የሚሞላው እኮ ለዚሁ ለድንጋይ መንገድ ነው። ቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም የልጁ ባለ ሦስት እግር ሳይክል መንገድ ላይ ሲያንገጫግጨው ያይና ስስ የጎማ ቱቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ንፋስ ይሞላዋል። በምን የሞላው ይመስልሃል? በኳስ መንፊያ! በ1888 እ.ኤ.አ. ፓተንት አወጣበት። በዓመቱ ዊሊ ሂዩም የሚባል ጋላቢ በዚህ ጎማ እዚያው ቤልፋስት ለውድድር ቀረበ፤ ተመልካቹ በጎማው ውፍረት ከሳቀ በኋላ ሰውየው አሸነፈ። ቆየት ብሎ ግን ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የሚባል ሌላ ስኮትላንዳዊ ይህንኑ ነገር ከአርባ ዓመት በፊት አስመዝግቦት መገኘቱ ታወቀና የደንሎፕ ፓተንት ተሻረ። ቶምሰን ምስኪን ጎማውን የሠራው ለፈረስ ጋሪ ነበር፤ ፔዳል ያለው ሳይክል ገና ገበያ አልወጣም። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃን ግን የመጀመሪያው ንፋስ ያለው የሳይክል ጎማ ከኳስ ሜዳ በመጣ መንፊያ መሞላቱ ነው። በኋላ እንፈልገዋለን።

ወደ ገበያ እንውረድ። ነጋዴው መጀመሪያ የሚያወጣልህ ትንሿን፣ ሳይክሉ ብረት ላይ የምትታሰረዋን መንፊያ ነው። ቆንጆ ናት፣ ቀላል ናት፣ ዘጌ መንገድ ላይ ጎማህ ቢተነፍስ ከመግፋት ታድንሃለች። ወፍራም ጎማ በእሷ ልሙላ ካልክ ግን ከጎማው በፊት የሚወጠረው ክንድህ ነው። ቀጥሎ ለመኪና የተሠራውን፣ በእግር የሚረገጠውን ያመጣል፤ እሱን ለመኪና እንተውለት። የምትፈልገው ሦስተኛውን ነው፤ ከታች ሁለት እግርህን የምታሳርፍበት፣ ከላይ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ረጅም ቱቦና ቁጥር ያለው መለኪያ የተገጠመለት የቁም መንፊያ።

እዚህ ላይ ነጋዴው ጎላ ያለውን ያነሳና «ጋሼ፣ ወፍራሙ ነው ኃይለኛው» ይላል። ዋጋው ኃይለኛ ይሆናል፤ የቀረው እንደ ጎማው ነው። የመንፊያው በርሜል ውስጡ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ጎማው 4 ባር ማለትም 58 ፒኤስአይ ላይ ሲደርስ እጀታውን ለመጫን ወደ 29 ኪሎ የሚሆን ክብደት ይጠይቅሃል። 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 13 ኪሎ ይበቃዋል። ወፍራሙ በአንድ ግፊት ብዙ ንፋስ ስለሚሰድ ለወፍራም ጎማ ጥሩ ነው። ለቀጭን የእሽቅድድም ጎማ ከገዛኸው ግን 100 ፒኤስአይ ላይ 50 ኪሎ ይጠይቅሃል፤ እንደ እኔ ኩስምን ያለ ሰው ከሆንክ እጀታው ላይ ተንጠልጥለህ ትቀራለህ። ይህን ሁሉ ለነጋዴው ነገርኩት። ሰምቶ ሲያበቃ «እንግዲያው ሁለቱንም ይውሰዷቸዋ!» አለኝ።

ከበርሜሉ በላይ ሰው የሚያለቅሰው በጫፉ ነው። ጎማ ሁሉ አንድ ዓይነት ቫልቭ የለውም። የመኪናው ዓይነት ወፍራሙ አለ፤ ቀጭኑ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ካልፈታህ ንፋስ የማያስገባው የፈረንሳይ አለ፤ በአሮጌዎቹ የቻይናና የሕንድ ሳይክሎች ላይ የምናውቀው፣ በደንሎፕ ስም የሚጠራው ደግሞ አለ። መንፊያህ ለቫልቭህ ካልገጠመ ንፋሱ «ጺስ» እያለ ወደ ጣና ይሄዳል። ደንሎፑን ፈትተህ ብታወጣው ትንሿን ብረት የሸፈነች ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ታገኛለህ፤ ማካሮኒ ናት፣ ያውም የቀጠነች። ንፋሱን የያዘችልህ እሷ ብቻ ናት። ስትደርቅና ስትሰነጠቅ ጎማህ ያለ ምንም ቀዳዳ ሌሊቱን ተንፍሶ ያድራል፤ አንተም ጠዋት የሰፈሩን ልጆች ትገላምጣለህ። ሌላም አመል አላት፤ የገባውን ንፋስ ወደ መለኪያው አታሳልፍም። ስለዚህ በእሷ በኩል ስትነፋ መለኪያህ የሚያሳይህ የቱቦውን ግፊት እንጂ የጎማውን አይደለም። አውራ ጣትን ይቅርታ የምጠይቅበት ቦታ ቢኖር እዚህች ጋ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለጎረቤቴ ነግሬያቸው ተቀይመውኛል። አሰብ ላይ ጎማ መንፋት ቀላል እንደነበር ያነሳሉ፤ «ያኔ ጉልበት ነበረኛ!» ይላሉ። እኔ ደግሞ ነገሩ የአየሩ መሆኑን አስረዳኋቸው። መንፊያ ንፋስ አይፈጥርም፣ ያለውን ነው የሚያጭቀው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሯ ከወደቡ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አሰብ ላይ በ40 ግፊት የሚሞላ ጎማ እዚህ 50 ያህል ይፈልጋል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ትንሽ ይጨምርበታል። እሳቸው ግን የወጣትነት ጉልበታቸውን ለአየር አሳልፈው ሊሰጡብኝ አልፈለጉም። አልፈርድባቸውም።

መንፊያ መግዛት ያልፈለገ ሰው ጎሚስታ ጋ ይሄዳል። እኔም ሄጄ አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም። የኮምፕሬሰሩ በርሜል ለአይሱዙ ጎማ የተዘጋጀ ነው፤ የሳይክል ጎማ ደግሞ 4 ሊትር እንኳ የማይሞላ ቦታ ነው። ልጁ ቱቦውን ሰክቶ ከጓደኛው ጋር ስለ ማታው የአርሴናል ጨዋታ ማውራት ጀመረ። «በቃው» አልኩት። «ትንሽ ይጨመርለት ጋሼ።» «መለኪያ የለህም?» አልኩት። አውራ ጣቱን አሳየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫን አደረገና በኩራት «ድንጋይ ሆኗል ጋሼ!» አለኝ። ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ጎማው ፈነዳ። ጀበናዋን ይዛ የነበረችው ባለ ቡና «በስመ አብ!» ብላ ተነሳች፣ ሁለት ደንበኞቿ ከነሲኒያቸው ሮጡ፣ አንዱ ሒሳብ ሳይከፍል ቀረ። ልጁ የተቀደደውን ካላማዳሪያ አንስቶ ወደ ሰማይ እያየ «ፀሐዩ ነው» አለ።

ፀሐይ ላይ የሚሠራውን ግፍ አንድ ሰው መናገር አለበት። የጎማው ሙቀት በ10 ዲግሪ ቢጨምር 45 ፒኤስአይ የነበረው 47 ቢሆን ነው። በልኩ የተነፋ ደህና ጎማ በባሕር ዳር ሚያዝያ አይፈነዳም። ካላማዳሪያ ደግሞ ደህናው እንኳ ቀስ እያለ ንፋስ ስለሚያስወጣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መጨመር ነው ሥራው። እኔ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡና እስኪፈላ እነፋለሁ። እጀታው ሲወርድ ያለ ምንም ጉልበት ስልል ካለብኝ ደግሞ ውስጡ ያለችው የቆዳ ክብ ደርቃለች ማለት ነው፤ ፈትቼ ሁለት ጠብታ ዘይት አጠጣትና ለጥቂት ደቂቃ እተዋታለሁ። ቆዳዋ ስትለሰልስ ጠርዟ በርሜሉን እንደገና ይይዛል። አዲሶቹ መንፊያዎች ቆዳውን በላስቲክ ስለተኩት ይህ ሙያ እየቀረ ነው።

አሁን የቀረኝ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ጥሩ መንፊያ የገዛ ሰው መንፊያ የለውም። ዜናው በአንድ ቀን ሰፈሩን ያዳርሳል። ማለዳ የትምህርት ቤት ልጆች ይመጣሉ። ከሰዓት የአሸዋ ጋሪ የሚገፋው ይመጣል። ማታ የሰፈሩ ኳስ ቡድን ከነአሰልጣኙ ይመጣና «ጋሼ፣ መርፌውም አለዎት?» ይላል። መርፌ ገዛሁላቸው፤ ደንሎፕ ከኳስ ሜዳ የወሰደውን አንድ ሰው መመለስ ነበረበት። ለሁሉም አንድ ማሳሰቢያ አለችኝ፤ መለኪያውን እያያችሁ ንፉ፣ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ አቁሙ እላለሁ። «እሺ ጋሼ» ይላሉ፤ ወጥተው ከበር ውጭ በአውራ ጣት ሲጫኑት በአጥሩ ቀዳዳ አያቸዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ሌላዋ ጎረቤቴ እትዬ በልጃቸው ልጅ መንፊያውን አስጠየቁኝ። ዝናብ ነበር፤ ሳይክል የሚባል ነገር ግቢያቸው ውስጥ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ግን ሰጠሁት። ቆይቼ ብሄድ በረንዳቸው ላይ ከሰል ርሶ እምቢ ብሏቸው፣ የቱቦውን ጫፍ ምድጃው አፍ ላይ ደግነው፣ ልጁ እጀታውን እየጫነ ነው። ፍሙ ቀልቷል፣ ብልጭታው ይበራል፣ ጀበናው መንተክተክ ጀምሯል። እትዬ ሲያዩኝ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው ጠጋ አድርገው መለኪያው ላይ አጎነበሱ።

«መጣህ ልጄ? ይሄ ቀስቱ አልንቀሳቀስ አለን እኮ፤ ለከሰል ስንት ላይ ነው የሚቆመው?»