አንድ ሚሊ

ሌንስ የሌለው ካሜራ በስጦታ የተሰጠው ሰው እንዴት ብሎ እንደሚያመሰግን ማንም አላስተማረኝም። ለእረፍት ከአሜሪካ የመጣው የአክስቴ ልጅ ካሜራውን በካልሲ ጠቅልሎ ሲያቀብለኝ፣ የፊቱ ቀዳዳ ባዶ መሆኑን አይቼ ዝም አልኩ። “ሌንሱ ከካሜራው ይወደዳል” አለኝ፤ “ሌንሱን አንተ እዚህ ፈልግ።” እዚህ ማለት ደብረ ታቦር ነው። ደብረ ታቦር ድንች አላት፣ ገብስ አላት፣ ዩኒቨርሲቲም አላት።

ካሜራው ሬንጅፋይንደር ከሚባለው ዘር ነው። የዚህ ዘር ካሜራ በሌንሱ ውስጥ አያሳይህም፤ የምታየው ጥግ ላይ በተከፈተች ትንሽ መስኮት ነው። መስኮቷ መሀል ላይ ሰውዬው ሁለት ሆኖ ይታያል። የሌንሱን ቀለበት ስታዞር ሁለቱ ሰዎች ይቀራረባሉ፤ ተደራርበው አንድ ሲሆኑ ፎከሱ ያዘ ማለት ነው። ይህን የምታደርገው ካሜራው አፍ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ተንከባላይ ናት። የሌንሱን ጀርባ ተደግፋ ወደፊትና ወደኋላ ትላለች፣ የሰማችውን ለመስኮቷ ታቀብላለች። የዚህ ዘር የመጀመሪያው ዲጂታል እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኤፕሰን አር-ዲ1 ሲሆን፣ የነበረው 6 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። ዛሬ ጫማ የሚጠርገው ልጅ ስልክ እንኳን ይስቅበታል። ነገር ግን በ1930ዎቹ የተሠራ ሌንስ አፉ ላይ ገጥሞ ይሠራ ነበርና፣ የዓለም ሽማግሌ ፎቶ አንሺዎች ሁሉ መሳቢያቸውን መፈተሽ ጀመሩ።

እኔም የአጎቴን መሳቢያ ፈተሽኩ። አጎቴ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ሲመለስ ዲግሪ፣ ሳሞቫርና ዞርኪ ካሜራ ይዞ መጣ። ከሦስቱ እስከ ዛሬ ሥራ ያልፈታው ሳሞቫሩ ነው። ዞርኪው አፍ ላይ ያለው ሌንስ ጁፒተር-8 ይባላል፤ 50 ሚሊ ሜትር፣ የብርሃን ቀዳዳው እስከ 2 የሚከፈት። ንድፉ የጀርመኑ የዛይስ ዞናር ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሩሲያ ገብቶ ስሙን ቀየረ። ችግሩ ሌንሱ በጥርስ የሚጠመዘዝ፣ 39 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መሆኑ ነው። የጀርመኑ ሌይካ እ.ኤ.አ. በ1954 ኤም3 የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ በዚህ አገጣጠም ፋንታ አስገብተህ ቀጭ የምታደርገውን ባለ አራት ጆሮ አገጣጠም አመጣ፤ የእኔም ካሜራ የሚቀበለው ይህን አዲሱን ነው።

ጀርመኖቹ ግን የድሮ ደንበኛን የማያስቀይሙ ሰዎች ነበሩ። በድሮው ካሜራ ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት 28.8 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በአዲሱ 27.8 አደረጉት። ልዩነቱ ልክ አንድ ሚሊ ነው። አንድ ሚሊ ውፍረት ያላት ቀለበት መሀል ከገባች የድሮው ሌንስ አዲሱ ካሜራ ላይ ይቀመጣል፤ ተንከባላይዋም የሌንሱን ጀርባ እንደ ወትሮው ታገኛለች። አዳፕተር የሚሏት ይህች ናት። ሥራዋ የሽማግሌ ሥራ ነው፦ ሁለቱን ቤተሰብ ታገናኛለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች።

ቀለበቷን ፍለጋ ቶርኖ ቤት ሄድኩ።

“ጋሼ፣ አንድ ሚሊ ውፍረት ያላት ቀለበት ፈልጌ ነበር።”

“ለባጃጅ ነው?”

“ለካሜራ ነው።”

ሌንሱን ተቀብለው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና አገላብጠው አዩት። “ጥርሱ በኢንች ነው በሚሊ?”

“በኢንች። በአንድ ኢንች 26 ጥርስ።”

“የማን አገር ሥራ ነው?”

“አገጣጠሙን ያወጡት ጀርመኖች ናቸው።”

ሌንሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። “ጀርመን? በኢንች?” አርባ ዓመት ሙሉ ያመኑበት ነገር ሲናድ ፊታቸው ላይ አየሁት። “እንግዲህ ጀርመንም በኢንች ከለካ ማንን እንመን?”

ቀጥሎ ትክክለኝነት ላይ ደረስን፤ ወዳጅነታችን የተፈተነውም እዚህ ላይ ነው። “አንድ አስረኛ ሚሊ ብትበልጥ ግድ የለም አይደል?” አሉኝ። ግድ አለው። ሂሳቡን አስቡት፦ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከቦታው አንድ አስረኛ ሚሊ ወደፊት ከወጣ፣ አጥርቶ ማየት የሚችለው እስከ 25 ሜትር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይዞ ቢገተርም አይምርለትም፤ ፎቶውን ያየ ሰው “ሐምሌ ነበር እንዴ?” ይላል። ይህን አስረዳኋቸው። “በእኔ ሥራ” አሉ ረጋ ብለው፣ “አንድ አስረኛ ሚሊ ልዩነት አይባልም። ዝምድና ነው የሚባለው።”

ቢሆንም እሺ አሉ፤ እሺ ያሰኛቸው ደግሞ ጋፋት ነው። የፋርጣ ሰው ናቸውና ጋፋት ሲነሳ ደማቸው ይሞቃል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ጋፋት ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያስቀለጡት ወንጌል ሊሰብኩ በመጡ ሚሲዮናውያን እጅ ነው። አብዛኞቹ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የመጡ ሲሆኑ ከመካከላቸው ቴዎፊል ቫልድማየር ይገኛል። ስለ መንግሥተ ሰማያት ሊያወሩ ደርሰው ስለ ባሩድ ተጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1867 ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሠሩ፤ እሱም ገደል በተጠረበለት መንገድ እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። (እንግሊዞቹ በበኩላቸው መቅደላ ሲመጡ ከጦሩ ጋር ፎቶ አንሺዎች ነበሯቸው፤ መድፍና ካሜራ በአንድ አምባ ላይ ተገናኙ። ማን እንዳሸነፈ ይታወቃል።) “ሰባት ቶን ያቀለጠ አገር” አሉ ጋሼ፣ “አንድ ሚሊ ያቅተዋል?” የሰባት ቶን መድፍ አንድ አስረኛ ሚሊ ቢሳሳት የሚጠይቅ እንደሌለ ላስታውሳቸው አልፈለግሁም።

ነሐሱን ቶርኖው ላይ አዞሩት፤ አራቱን ጆሮዎች በሞረድ አወጡ። “ማክሰኞ ና” የተባልኩበት ማክሰኞ ከሌሎች ማክሰኞዎች ጋር ተቀላቅሎ ጠፍቷል። በመጨረሻ ቀለበቷ ወፈር ብላ ስትወጣ፣ የብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግተው ያሿት ጀመር። ትንሽ ያሻሉ፣ እኔ ደጅ ወጥቼ ጉናን አነሳለሁ፣ ተመልሼ ስክሪኑ ላይ አሳድጌ አሳያቸዋለሁ። “አሁንስ?” “ገና ነው።” “ጉና ራሱ እኮ ጉም ለብሶ ይሆናል።” አንዳንዴ እውነታቸውን ነበር።

አንድ ቀን ጉና ጥርት ብሎ ወጣ። ስኬቱ ያጠገበኝ እስኪመስለኝ ድረስ ቆየ፤ ከዚያ የአጎቴ መሳቢያ ሁለተኛ ሌንስ ተፋ። የዜኒት ሌንስ ነው፣ ሄሊዮስ-44-2፣ 58 ሚሊ ሜትር። እሱ 45.46 ሚሊ ሜትር ርቆ መቀመጥ ስለሚፈልግ አዳፕተሩ ወደ 17.7 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቱቦ ነው። ይገጥማል፤ ይሁንና ለሌላ ዓይነት ካሜራ የተሠራ በመሆኑ ተንከባላይዋ የምትደገፈው ጀርባ የለውም። መስኮቷ ምንም አትሰማም፤ ሁለቱ ሰዎች እስከ ዕለተ ምጽአት ሁለት እንደሆኑ ይቀራሉ። እንዲህ ዓይነት ሽማግሌም አለ፤ ያጋባል፣ ተጋቢዎቹ ግን አይነጋገሩም።

ለዚህ መድኃኒቱ የደብረ ታቦር ፀሐይ ናት። ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ በጥር እኩለ ቀን ፀሐይዋ እዳ እንዳለባት ትከፍላለች። የብርሃን ቀዳዳውን 16 ላይ አጥብበው፣ ርቀቱን 7 ሜትር ላይ አድርገው፣ ከዚያ አትንካው። ከ3 ሜትር ተኩል ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። ገበያ ገብተህ በግ የሚጎትተውንም፣ ጌሾ የምትሸጠውንም ፎከስ ሳታደርግ ማንሳት ትችላለህ። ከዚያ ርቀት ይልቅ ቀርቦ “አንሳኝ” ያለህን ሰው ወደኋላ እንዲሄድልህ መለመን ነው ሥራው።

ማታ ግን ፀሐይ የለችም፤ ቡሄ ደግሞ ማታ ነው የሚያምረው። የከተማችን ስም ከበዓሉ ጋር አንድ ነውና ነሐሴ 12 ማታ ችቦ ሲበራ ቤት መቀመጥ ነውር ነው። ጁፒተሩን እስከ 2 ከፍቼ ወጣሁ። ሶቪየቶች ሌንሱን የሠሩበት ልክ ከሌይካው ልክ በጥቂቱ ስለሚለይ፣ ቀዳዳው ተከፍቶ ሰው በቅርብ ሲነሳ ፎከሱ ትንሽ ይስታል፤ ይህ የቀለበቷ ጥፋት አይደለም፣ ጋሼም እንዲታወቅላቸው ይፈልጋሉ። ጎረቤቴ እትዬ በችቦ ብርሃን ሙልሙል ሲያድሉ አነሳኋቸው። ዓይናቸው ለስላሳ ጭጋግ ውስጥ ቀርቶ የነጠላቸው ጥለት ክር በክር ተቆጠረ። ፎቶውን አይተው “አቤት፣ ጥለቴ እንዴት አምሯል!” አሉ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ስለ ፎከስ አላስረዳም።

ከዲጂታሎቹ መካከል የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሌይካ ኤም8 የማይታየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን በደንብ ስለማያጣራ ጥቁር ሰው ሠራሽ ጨርቅን ሐምራዊ ያደርግ ነበር፤ ፋብሪካው ለገዢዎች ማጣሪያ በነጻ ሰጠ። በዚያ ካሜራ የዩኒቨርሲቲ ምርቃት ቢነሳ፣ ጥቁር ካባ የለበሰ ሁሉ ጳጳስ ሆኖ ይወጣል።

ዘንድሮ የአክስቴ ልጅ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ፋብሪካ የሠራት አዳፕተር ላከልኝ፤ በትንሽ ሳጥን፣ በስፖንጅ ተኝታ። ለጋሼ አሳየኋቸው። ቅናት ሳይታይባቸው ካሊፐራቸውን አወጡ፣ አፉን በጨርቅ ጠረጉ፣ ለኩ፣ አዙረው በሌላ በኩል ለኩ።

“ዜሮ ነጥብ ዘጠና ዘጠኝ” አሉ።

“አንድ መቶኛ እኮ ናት፣ ጋሼ።”

“ጉድለት ጉድለት ነው” ብለው ቀለበቷን ወደ ሳጥኗ መለሱና የመለኪያ ሂሳብ አስከፈሉኝ።