የኮሶዬው ማኅሌታይ

በዚህ ዓለም ካሉ ተከሳሾች ሁሉ አንጀት የሚበላው የሚያንኮራፋ ሰው ነው፤ በደሉን የሚፈጽመው ተኝቶ፣ ምስክሮቹ የሚያዳምጡት ነቅተው፣ ፍርዱም የሚነበብለት በማግሥቱ በቁርስ ማዕድ ላይ ስለሆነ፣ «እኔ ከቶ አላንኮራፋም» ብሎ ቢምል በሐሰት መሐላ ሊያስጠይቀው የሚችል ሕግ የለም። በጎንደር ቅዳሜ ገበያ እህል የሚነግዱት አጎቴ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ይህን መሐላ በባለቤታቸው በእትዬ ፊት ዘመናቸውን ሁሉ ሲምሉ ኖረዋል።

ነገሩ የተገለጠው በኮሶዬ፣ በዘመድ ሠርግ ላይ ነው። ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ከገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች አገር ናትና፣ ፀሐይ ጠልቃ ጭላዳው ወደ ገደሉ ሲወርድ ብርዱ ሰውን ሁሉ ወደ አንድ ጣራ ሥር ይሰበስበዋል። እኛም ከጠላውና ከአረቄው በኋላ ጋቢያችንን ተከናንበን በመደብና በጉዝጓዝ ላይ ተደርድረን ተኛን። ከጎኔ የተጋደሙት በጎንደር በዓታ አቋቋም የተመሰከረላቸው አንድ መሪጌታ ነበሩ።

መንፈቀ ሌሊት ሲሆን ጋሼ ጀመሩ። በግዕዝ ተነሥተው፣ ወደ ዕዝል ወርደው ምሰሶውን ካንቀጠቀጡ በኋላ፣ ልብ በሚነካ አራራይ ወደ ላይ ወጡ። የኔታ ከጋቢያቸው ብቅ ብለው፣ «ዜማውስ ባልከፋ፤ ከማን ቤት እንደ ተማሩት ነው ያልገባኝ» አሉ። ወዲያው ጸጥታ ሆነ። ጎረምሶቹ «ተመስገን!» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ሲያዞሩ፣ በማኅሌት ያረጁት የኔታ ግን ጆሯቸው ድምፁን ብቻ ሳይሆን ዕረፍቱንም የሚከተል ነውና፣ በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆይተው፣ «ልጄ፣ እኚህ ሰው እኮ መተንፈስ ተዉ» አሉኝ። እጄን ወደ ጋሼ ትከሻ ከመዘርጋቴ ታንቆ እንደ ተፈታ ሰው ጓጉረው ተነፈሱ፤ ተገላበጡና እንደገና ከግዕዙ ጀመሩ። እስኪነጋ እንዲሁ ሆነ።

ቤተ ዘመዱ ሁሉ ዘመን ከዘመን ያማረረው ጩኸቱን ነበር፤ በጩኸቱ መካከል ስላለው ዝምታ የከሰሰ አልነበረም። በጎንደር የመረመራቸው ሐኪም ግን ስለ ጩኸቱ እምብዛም ሳይጨነቅ የየኔታን ቆጠራ ደጋግሞ ጠየቀ። እንዳስረዳን፣ ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻ ይላላል፤ በጀርባው ከሆነ ደግሞ ምላሱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ አየሩ በጠበበው በር ሲጋፋ ለስላሳውን ላንቃና እንጥልን ያርገበግባል፣ ማንኮራፋት የምንለውም ይኸው ነው። በሩ ፈጽሞ ተዘግቶ እስትንፋስ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቋረጥ ግን ነገሩ ከሳቅ ያልፋል፤ አንጎል ደንግጦ ለቅጽበት ይነቃል፣ በሩ ይከፈታል፣ ባለቤቱ ግን ጧት አንዱንም አያስታውስም። በሰዓት ከ5 ጊዜ ጀምሮ እንደ ሕመም ይቆጠራል፤ 30 ከሞላ የጸና ነው። ጋሼ በዕድር ስብሰባ ላይ ማንቀላፋታቸው፣ ጧት ጧት ራሳቸውን ማመሙና የደም ግፊታቸው በመድኃኒት አልበርድ ማለቱ ሁሉ ከዚሁ ጉድጓድ ሊቀዳ እንደሚችል ሰማን።

ጋሼ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም፤ ጥፋቱን በኮሶዬ ተራራ ላይ ጣሉ። እርግጥ ከፍታ የራሱ ጠባይ አለው፤ ከቆላ የወጣ እንግዳ በእንቅልፉ ትንፋሹ እየበረታ፣ እየደከመ፣ አልፎ አልፎም እየቆመ ሊያድር ይችላል። ነገር ግን ጋሼ ከጎንደር እንጂ ከመተማ አልመጡም፤ በጎንደርም ቤታቸው እትዬ መኝታቸውን ከለዩ ቆይተዋል። የአገሩንም ሰው ማማት አይቻልም፤ ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ በምትገኘው አምባራስ የሚኖሩ ሰዎች በደማቸው ያለው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማያንስ አግኝተዋል። ተራራው በነጻ ተለቀቀ።

መድኃኒቱስ? ቀድሞ ሕመሙ ለጸናበት ሰው የነበረው መፍትሔ አንገትን በስቶ አየር ማስገቢያ ማበጀት ነበር፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ግን ኮሊን ሱሊቫን የሚባሉ የሲድኒ ሐኪም፣ የምንጣፍ አቧራ በሚመጥ ማሽን ሞተር እፍ የሚል መሣሪያ ሠርተው በአፍንጫ ጭምብል አየር እየገፉ ጉሮሮው ተከፍቶ እንዲያድር አደረጉ። በእኔ ግምት ለሰው ልጅ እንቅልፍ የዚያን ያህል የጠቀመ መጥረጊያ የለም። ጋሼ የመሣሪያውን ዋጋ በጠየቁ ጊዜ ያለ ሕመማቸው እስትንፋሳቸው ቆመ፤ መብራት ሲጠፋስ ምን ይሆናል የሚለውም ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ስለዚህ ወንድማቸው ከአሜሪካ እስኪልኩላቸው ድረስ ሐኪሙ ክብደት እንዲቀንሱ፣ ማታ አረቄ እንዳይቀምሱ፣ በጎናቸውም እንዲተኙ አዘዘ። አረቄ የጉሮሮን ጡንቻ ይበልጥ ያላላልና፣ የኮሶዬው ማኅሌት እንደዚያ የደመቀው በከንቱ አልነበረም። ክብደቱን በተመለከተ ጋሼ ዐቢይ ጾም ሲገባ እንደሚጀምሩ ቃል ገቡ፤ ጊዜው የጥቅምት ወር ነበር።

በጎን መተኛቱን ግን እትዬ በቃል ኪዳን አልተዉትም። የልጅ ልጃቸውን የጨርቅ ኳስ ወስደው በጋሼ የሌሊት ልብስ ጀርባ ላይ ሰፉት፤ ጋሼ በጀርባቸው ለመንጋለል በሞከሩ ቁጥር ኳሱ እየጎረበጣቸው ወደ ጎን ይመለሳሉ፣ ዜማውም ቢሆን ቀንሷል። ሕፃኑም በየማለዳው ከመኝታ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ፣ «እማማ፣ ጋሼ ተነሡ ወይ? ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው» ይላል።